በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በእንግሊዝኛ ሳንጠየቅ

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማው ከማኅተሙ ላይ ተነሥቶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይሮጣል። የያዘው ልጅ አራት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ መማሩን ያረጋግጣል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ተማሪዬ ይህን ወረቀት ለማግኘት ሁለት ወር ተመላልሷል። ተቀብዬ ሳነበው እጄ ሳላስበው ወደ ቀይ እስክሪብቶዬ ሄደ። ባለቤቱ ነጠላ ሆኖ ግሡ ብዙ ነው፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማሰሪያ የለውም።

«ቲቸር፣ ይሄን ልላክላቸው?» አለኝ።

ላከው አልኩት። የጻፈውን መሥሪያ ቤት ስም ትቼዋለሁ፤ እኔም በሠላሳ ሦስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ስሕተት ጽፌ በክንዴ አጥፍቻለሁ። ካመለከተበት የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ መልሱ በሳምንቱ መጣ። ትሕትና የተሞላ መልስ ነው፦ ደብዳቤህ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ ነገር ግን የአየልትስ እንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ያስፈልገናል፤ በጠቅላላው 6.5፣ በየክፍሉ ከ6.0 ያላነሰ።

የማስጠናበት ክፍል ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው ማኪና ግርግር ላይ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊትም አራት ሰፊዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይረግጣሉ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ በዚህ ጫጫታ እንዴት ማዳመጥ ይለማመዳል ብሎ ቅር ይለዋል። ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። (ለአዲስ አበባ አንባቢ፦ ሐረር ውስጥ ወላሂ ለማለት ሙስሊም መሆን አያስፈልግም።)

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ብዙ ወላጆች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ልጃችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ዲግሪውንም በእንግሊዝኛ ይዞ፣ እንዴት እንደገና ቋንቋ ይፈተናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ዩኒቨርሲቲን በእንግሊዝኛ አድርጎ ደልድሏል። ይሁንና ብሪታንያ ለተማሪ ቪዛ ከቋንቋ ማስረጃ ነፃ የምታደርገው የአገራቸው ስም በአንድ ዝርዝር ላይ የሰፈረ ዜጎችን ነው። ዝርዝሩ ላይ ጃማይካ አለች፣ ባርቤዶስ አለች፣ ማልታ አለች። ከአፍሪካ አንድም አገር የለም። ሕግ የምታወጣውም ፍርድ የምትሰጠውም በእንግሊዝኛ የሆነችው ናይጄሪያ እንኳ የለችበትም፤ የናይጄሪያ ወጣቶች ይህ ይቅርልን ብለው ፊርማ እስከ ማሰባሰብ ደርሰዋል። ስለዚህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ደብዳቤው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በዚያው በብሪታንያም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። አስቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ነው። የሁለት ወር ምልልስ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ደብዳቤ ካነሣን፣ የሐረር ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ደብዳቤ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ የጀጎል በር ላይ ቆመ። እስከዚያ ድረስ የመጣው ዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቱርክ ነው ተብሎ እንዳይጠረጠር ፈርቶ እንግሊዛዊነቱን ገለጠ፤ ከኤደን የእንግሊዝ ሹም የተላከ የሚል ደብዳቤም አቀረበ። ደብዳቤውን የጻፈው ራሱ በርተን ነው። የሐረሩ ገዥ አሚር አሕመድ ወረቀቱን ተቀበለ፣ አየው፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠውና በቃል አስረዳኝ አለው። በርተን በዐረብኛ አስረዳ። ዐሥር ቀን ተቀምጦ በሰላም ወጣ፤ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍም የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስውና ቃላት አስገባ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይሥቃሉ። እኔ ግን አሚሩን አደንቀዋለሁ። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ «ተናገር» ያለው እሱ ነው። ፈተናውም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሐረር ለባዕድ ቋንቋ እንግዳ ሆና አታውቅም። በራስ መኰንን ዘመን የሠለጠነ ሰው የሚማረው ፈረንሳይኛ ነበር። ካፑቺን ሚሲዮኖቹ ፈረንሳዮች ናቸው፣ ባቡሩ ከጅቡቲ የሚመጣው በፈረንሳይ ኩባንያ ነው፣ ልጅ ተፈሪም ፈረንሳይኛ የተማሩት እዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ገኖ የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ አገሩን አጥለቀለቀው። የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ጃንሆይ የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ መረቁ፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፤ መምህራኑ ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ፒስ ኮር ወጣቶች በየትምህርት ቤቱ ገቡ።

አባቴ በአካዳሚው ታይፒስት ነበር። እንግሊዝኛውን የለቀመው ከሕንዶቹ ነውና ዕድሜውን ሙሉ «ዌሪ ጉድ» እንዳለ ሞተ። ወንድሜ አለማያ ገባ፤ እሱ ደግሞ ቃሉን እንደ ኦክላሆማ ገበሬ እየጎተተ ይመጣል። ታላቅ እኅቴን ያስተማረቻት የፒስ ኮር ልጅ በአፍንጫዋ የምትናገር ነበረች፤ እኅቴም ተከተለቻት። እራት ላይ ሦስቱ በእንግሊዝኛ ሲከራከሩ እናቴ «እናንተ፣ የአንድ አገር ቋንቋ ነው የምታወሩት?» ትል ነበር። በአሁኑ ፈተና የማዳመጥ ክፍል የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የአሜሪካ አነጋገር ተቀላቅሎ ሲሰማ እናቴን አስታውሳለሁ።

አራተኛው አነጋገር የመጣው በእኔ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ ከመስኮቱ የሚናገሩት መምህራን ለዛ የደቡብ አፍሪካ ነው። እኛ ጎን ቆመን እናያለን። ዕድሜው የሚፈቅድለት አንባቢ ይህን አይረሳም፦ የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ! ትክክል ነው!» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልመለሰም። አንዳንዴ ጥያቄውን የሰማም የለም። አንድ ቀን መብራት ጥያቄው ላይ ጠፍቶ ማመስገኛው ላይ መጣ።

የምለው ነገር ይህ ነው። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ተምረዋል፤ ውሸት አይደለም። የጠየቃቸው ግን የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው፤ ትክክለኛውን ፊደል ትመርጣለህ። ጻፍ አይልህም፣ ተናገር አይልህም፣ የሰውም ድምፅ አያሰማህም። ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ልጁ የሚያነበው በእንግሊዝኛ፣ የሚጠይቀው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ የሚፈተነው እንደገና በምርጫ ነው። ይህ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ፕሮሰስ ይጀምራል (ውጭ ለመሄድ የሚደረገውን ሩጫ ሁሉ ወጣቱ እንዲህ ነው የሚለው)፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «አንተ ምን ታስባለህ?» ይለዋል።

አየልትስ አራት ክፍል አለው። ማዳመጥ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነው፤ ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይደገምም። ንባብ አንድ ሰዓት ነው፤ የእኛ ልጆች እዚህ አይታሙም፣ ችግራቸው ሰዓት ነው። ጽሑፍ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለት ሥራ አለው፦ አንድ ሥዕላዊ መረጃ አይቶ ቢያንስ 150 ቃል መግለጽ፣ በአንድ ክርክር ላይ ደግሞ ቢያንስ 250 ቃል መጻፍ። ሁለተኛው እጥፍ ስለሚይዝ የመጀመሪያውን ሲያሳምር ጊዜ ያለቀበት ልጅ ከሁለቱም አይሆንም። የሽምደዳ ነገር የሚጋለጠውም እዚህ ነው። በየመንደሩ ፎቶ ኮፒ የሚሸጥ የድርሰት ቅጽ አለ፤ መግቢያው ተዘጋጅቷል፣ መደምደሚያው ተዘጋጅቷል፣ መሐሉን መሙላት ነው። አራሚዎቹ ከዓለም ዙሪያ ያንን መግቢያ ሺሕ ጊዜ አይተውታል። ተማሪዎቼ ይዘው ሲመጡ ወረቀቱን ተቀብዬ ለሰፊዎቹ ለልኬት እሰጣለሁ።

ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ከሰው ጋር፣ በድምፅ እየተቀዳ። መሐል ላይ ካርድ ይሰጥሃል፤ አንድ ደቂቃ አስበህ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻህን ትናገራለህ። የደብዳቤው ልጅ መጀመሪያ ሲለማመድ የደረሰው ካርድ «የምታከብረውን ሰው ግለጽ» የሚል ነበር። «አያቴን አከብራለሁ። አያቴ ጥሩ ሰው ነው። ስለዚህ አከብረዋለሁ» አለና አፉን ዘጋ። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰከንድ። የቀረውን ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ አሳለፈው።

ይህ ልጅ ቋንቋ አይችልም ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ። ቤቱ ጌይ ሲናን፣ የሐረሪን ቋንቋ፣ ያወራል፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፤ ቁርኣን ሲቀራ ዐረብኛ ለምዷል፤ ከጅጅጋ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር በሶማልኛ ይከራከራል። እንግሊዝኛ ስድስተኛው ነው። ዝም ያሰኘው የቃላት እጥረት ሳይሆን አስተዳደጉ ነው። ትልቅ ሰው ሲጠይቅህ በአጭሩ መልስ፣ ዐይን ዐይኑን አትይ፣ ስለ ራስህ አታብዛ ተብሎ ያደገ ነው። ፈታኙ ደግሞ ትልቅ ሰው ነው።

አንድ ዓርብ ቤተሰቦቹ ቁጢ (የቡና ቅጠል) ጠጪ ብለው ቤታቸው ጠሩኝ። ያን ዕለት ስለ አያቱ ሥራ ተነሣ። አያቱ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፣ የቁርኣን። ልጁ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ እያሟላ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚርስ፣ ስፌቱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ሽፋኑ ላይ ማህተሙ ምን ያህል ሞቆ እንደሚያርፍ፣ አያቱ ሲያዩለት የፈራውን፣ ያበላሸውን ቆዳ የት እንደ ደበቀ ሩብ ሰዓት ሙሉ አወራ። እጁ ጭምር ያወራ ነበር።

«ይህንኑ በእንግሊዝኛ ንገረኝ» አልኩት።

ደነገጠ። «አቦ ቲቸር! ይሄም ፈተና ላይ ይባላል እንዴ?»

ለካ የፈተናውን «ትክክለኛ መልስ» ሲፈልግ ኖሯል፤ ስለ አያት የሚፈቀድ አንድ መልስ ያለ መስሎት ነው። የሚታየው ግን መልሱ አይደለም። ሳይቆራረጥ መናገሩ፣ የቃላቱ ስፋት፣ ሰዋስውና የድምፁ መሰማት ነው። የእኛ አነጋገር ለዛ ነጥብ አያስቀንስም፤ ሰሚው ከተረዳህ «እስኩል» ብትልም አትወድቅም። ቆዳ ማርጠብ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያን ዕለት ሁለታችንም መዝገበ ቃላት አገላበጥን።

አሁን ስለ ነጥቡ። ከ0 እስከ 9 ነው፤ የአራቱ ክፍል አማካይ ተወስዶ ወደሚቀርበው ግማሽ ይጠጋጋል፤ 6.25 ከሆነ ወደ 6.5 ይወጣል። ልጁ በመጀመሪያው ፈተና በማዳመጥ 7.0፣ በንባብ 6.0፣ በንግግር 6.5፣ በጽሑፍ 5.5 አመጣ። አማካዩ 6.25 ነው፣ ስለዚህ ጠቅላላው 6.5። እናቱ እልል አሉ። እኔ ግን የጽሑፉን ቁጥር አይቼ ዝም አልኩ፤ «በየክፍሉ ከ6.0 ያላነሰ» የሚለው መስመር አለ። በግማሽ ነጥብ ወደቀ። ማስታወቂያውን ስታነቡ ጠቅላላውን ብቻ አትዩ። አብዛኛው የማስተርስ ትምህርት 6.5 ይጠይቃል፤ እንደ ሕግና ሕክምና ያሉት 7.0 እና ከዚያ በላይ ይላሉ። ጥቂት የጎደለውን ተማሪ በቅድመ ሁኔታ ተቀብለው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የቋንቋ ኮርስ የሚሰጡም አሉ፤ ኮርሱ ግን በገንዘብ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ቪዛ ዘግይቶበት ውጤቱ የተቃጠለበት ልጅ አውቃለሁ፤ እንደገና ከፍሎ እንደገና ተፈተነ፣ እንግሊዝኛው በሁለት ዓመት የሚሻግት ይመስል።

የእኛ ሌላው ፈተና መንገዱ ነው። መፈተኛው አዲስ አበባ ነው፤ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። በሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ ነው፣ ወይም ድሬዳዋ ወርዶ አውሮፕላን። የንግግሩ ቀን ከሌሎቹ ሊለይ ስለሚችል አልጋም መያዝ አለ። ክፍያው የዶላርን ዋጋ ይከተላል፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ከመቶ ሲያልፍ ሁለት ተማሪዎች ተሰናብተውኝ ቀሩ። የደብዳቤውን ልጅ ሁለተኛ ፈተና የከፈለው አወዳይ ጫት የሚነግድ አጎቱ ነው።

ፓስፖርትም ይጠየቃል። ስሙ እዚያ ላይ የተጻፈበት ፊደል ከምዝገባው ጋር አንድ መሆን አለበት። መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ ባንድ «ኤም» ሌላው በሁለት፣ አንዱ በ«ኦ» ሌላው በ«ዩ» ይጽፈዋል። ሐረር ውስጥ ስንት መሐመድ እንዳለ አስቡት። የዲግሪው መሐመድና የፓስፖርቱ መሐመድ አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ማኅተም።

መንገዱን የሚያስቀር ፈተና አለ፤ ዱዎሊንጎ። ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ ነጥቡ እስከ 160 ይደርሳል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም። የሚከፈለው በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ስለሆነ ውጭ ዘመድ ያስፈልጋል። ለአንዷ ተማሪዬ ቶሮንቶ ያለች አክስቷ ከፈለችላት። ቀጥሎ የመጣው ችግር ጸጥታ ነው። ካሜራው እያየ፣ ዐይን ከመስኮቱ ሳይነቀል፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር ነው የሚፈተኑት። የሐረሪ ቤት ደግሞ እንዲህ ለመሸሸግ አልተሠራም፤ ዋናው ክፍል ነደባ በሚባሉት መደቦች ላይ ቤተሰብ፣ እንግዳና ጎረቤት በየማዕረጉ የሚቀመጥበት ነው። ጀጎል ውስጥ ከሰማንያ በላይ መስጊድ አለ፤ አዛኑ ሲነሣ ሁሉም ባንድ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መረጠች። ቤተሰቡ ተኝቷል፣ ኢንተርኔቱ ይፈጥናል፣ የንጋቱ አዛን ገና ነው። ንግግሩ ላይ ስትደርስ ከግንቡ ሥር ጅብ ጮኸ።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«መናገሬን ቀጠልኩ። እሱም ቀጠለ።»

ውጤቷ መጣ፤ በቂ ነበር።

ለሚሰጉ ተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ እውነት አለ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለባዕዳን የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ፈተናው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የቀረቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም ወደቁ።

የደብዳቤው ልጅ በሁለተኛው በጽሑፍ 6.0 አገኘ። ካርዱ ላይ የደረሰው ስለ አያት አልነበረም፤ «የተማርከው የእጅ ሥራ» ነበር አለኝ፤ ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ ፈታኟ ናት ያስቆመችው። በመስከረም ግላስጎ ገባ። በሦስተኛው ቀን በስልኬ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሲናገር የቀዳው ነው፣ ስድስት ሰከንድ።

«ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ነው ይሉኛል። ይሄኛው ከየት ነው?»

ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ወጥቼ ሰፊዎቹን እባካችሁ አንድ አፍታ መኪናውን አቁሙልኝ አልኳቸው። አራቱም እግራቸውን አነሡ። ለአራተኛ ጊዜ አዳመጥኩት።

«ወላሂ አላውቅም» ብዬ መለስኩለት።